የውሸት መርዝ

በትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ አልኮል የሚሰርቅ ሰው እንዳለ ጠብታ ያወቀችው መብራቶቹ እምቢ ሲሏት ነው። የአልኮል መብራት ሆዱ ብርጭቆ፣ ክሩ ጥጥ፣ ጠባዩ ታዛዥ የሆነ ዕቃ ነው፤ ክብሪት ሲያይ ይበራል። በዚያ ሳምንት ግን አሥራ ሁለቱም መብራቶች ክብሪት ሲቀርብላቸው ትንሽ ተንጣጥተው ጭልም ይሉባት ጀመር። አርባ ተማሪ ቆሞ ያያል። «እነሱም እንደኛ ቁርስ አልበሉም» አለ አንዱ ከኋላ፣ ክፍሉም በሳቅ ፈረሰ።

ጠብታ የላብራቶሪው ቴክኒሻን ናት። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው፤ አሲድም ይሁን ቀለም ከጠብታ በላይ ለማንም አትሰጥም። በየጠርሙሱ ጎን በእርሳስ መስመር እያሰመረች የፈሳሹን ልክ የምትይዝ ሴት ናት። የአልኮሉን ጠርሙስ አንስታ ብታየው፣ ፈሳሹ ከመስመሩ ላይ ንቅንቅ አላለም። ሌባው የጠጣውን ያህል ውሃ ሞልቶበት ነበር። ዘይት ቢሆን ውሃው ከሥር ተለይቶ ሌባውን ያጋልጠው ነበር፤ አልኮል ግን ውሃ ሲያገኝ እንደ ቆየ ዘመድ ተቃቅፎ ይቀራል፣ ማን መቼ እንደገባም አይናገርም።

ስለዚህ መለኪያውን አወጣች። መለኪያው ጅራቱ እርሳስ የተሞላ፣ አንገቱ ረጅምና ቁጥር የተጻፈበት የብርጭቆ ተንሳፋፊ ነው። ንጹሕ አልኮል ውስጥ ሲጨምሩት እስከ አንገቱ ይሰምጣል፤ ውሃ በበዛ ቁጥር ከፍ እያለ ይቆማል። ያን ቀን እስከ ደረቱ ወጥቶ ቆመ። ከጠርሙሱ ግማሽ የሚበልጠው የቧንቧ ውሃ ነበር ማለት ነው።

ሌባው ማን እንደሆነ ለማወቅ መለኪያ አላስፈለጋትም። ከላብራቶሪው ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው የእንጨት ሥራ ክፍል ነው። እዚያ የሚያስተምረው አናጺ ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው እናታቸውን ተከትሎ ሲሞት እሷ ዘጠኝ፣ እሱ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ በር እየሰራ፣ አልጋ እየጠገነ ዲፕሎማዋን እስክትይዝ ያስተማራት እሱ ነው። እጁ ወርቅ ነው። ሰውየው ውሃ ልክ አይወድም፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጣውላው ጠርዝ ላይ አሻግሮ ያይና «በሁለት ሚሊ ጠሟል» ይላል፣ ሲለካም ሁለት ሚሊ ይሆናል። ሰክሮ ታይቶ አያውቅም። ብቻ ረፋድ ላይ መሞቅ ይወዳል። እንጨት ለሚወለወልበት ጎማላካ ማሟሚያ የሚሰጠው አልኮል ደግሞ፣ እንደሱ ያለ ሰው እንዳይቀምሰው ሆን ተብሎ መራራ የተደረገ ነው።

«ጋሼ፣ አልኮሌን የሚነካብኝ ሰው አለ» አለችው አንድ ቀን፣ እንዲያው እንደ ወሬ አድርጋ።

«ከነካሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ አናጺው። አንተ ነህ ያለው ሰው አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው።

ለኬሚስትሪ መምህሩ እንዳትነግር መምህሩ ሌላ ጣጣ ነው። ተማሪዎቹ ኦኤች ይሉታል፤ አልኮልን አልኮል የሚያሰኘው ያ የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ መሆኑን ሰሌዳ ላይ እየከበበ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረ፣ ራሱ ግን አንዲት ጠብታ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ነው። ስለ ኤታኖል ሲያስተምር ትምህርቱ በስብከት ነው የሚያልቀው። ከነገረችው ጉዳዩ በዚያው ቀን ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። አናጺው የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ካሁን በፊት ተቀብሏል፤ ጡረታው ሁለት ዓመት ነው የቀረው።

ስለዚህ ጠብታ ብልህ ነኝ ብላ አንድ ነገር ሠራች። አዲሱን ኤታኖል ከነጠርሙሱ ወስዳ የፊቱን ወረቀት ላጠችና በቦታው «ሜታኖል፣ መርዝ» የሚል ለጠፈችበት፤ ከላይም የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ሳለች። ራሷ እንዳትሳሳት ከጠርሙሱ ቂጥ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ነካ አደረገች። «ኤታኖል» የሚለው ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ውሃ ሞልታ፣ አንገቱን ብቻ አልኮል ቀባችው። ለመምህሩ የሚያስፈልገውን በትንንሽ ብልቃጥ እየቀዳች ታቀርብለታለች፤ እሱም ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

አናጺው አንድ ወር ሙሉ ውሃ ጠጣ። ለማን አቤት ይበል? ሌባ ተሰረቅሁ ብሎ የሚከስበት ጣቢያ የለም። ረፋድ ላይ ፊቱን አጨፍግጎ መጋዙን ሲያንገጫግጭ ጠብታ በግድግዳው ማዶ ትሰማውና ብቻዋን ትስቃለች። እንዲህ ተደስታ አታውቅም።

ያበላሸችው ራሷ ናት፣ ያውም በፍቅር። አንድ ረቡዕ መሮ ጣቱን ከፍቶት ደሙን እያንጠባጠበ መጣ። እሷም ደንግጣ፣ ሌላ ሳታስብ፣ ጥጡን ከባለ ራስ ቅሉ ጠርሙስ ነክራ ቁስሉን ጠረገችለት። እሱ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። አፍንጫው ግን ዝም አላለም።

ሰኞ ደግሞ እውነተኛው ሜታኖል መጣ። ኦኤች ለተማሪዎቹ አልኮልና አሲድ ሲጋቡ ምን እንደሚወለድ ሊያሳይ አዝዞት ነው፤ ሜታኖልን ከሳሊሲሊክ አሲድ ጋር ሲያሞቁት ክፍሉ የጡንቻ ማሻሻ ቅባት ይሸታል፣ ተማሪም ያን ቀን ኬሚስትሪን ይወዳል። ጠርሙሱ ያው ቡናማ፣ ቁመቱ ያው አንድ ሊትር። ፋብሪካው የራስ ቅል አትሞበታል። ጠብታ የእርሳስ መስመሯን አሰመረችና ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ ወሸቀችው። የውሸቱን ወረቀት በዚያው ሰዓት መላጥ ነበረባት። ግን ያልታጠበ መቶ የሙከራ ቱቦ ይጠብቃት ነበር። ነገ አለች።

ኦኤች የአንድ ስም ልጆች ተለያይተው ሲቆሙ አይወድም። ማክሰኞ ጠዋት ገባ፣ ሁለት ሜታኖል አየ፣ ጎን ለጎን አቆማቸውና ሰልፋቸውን አስተካክሎ ወጣ።

በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ጠብታ እጇ በሳሙና አረፋ ተነክሮ ሳለ አናጺው መጥቶ በሩን ተደገፈ። ፊቱ በርቷል።

«ሚጣዬ» አለ። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ዛሬም ሚጣ ነው የሚላት። «አንቺ ልጅ፣ እኔን ልታሞኚ?»

«ምን አደረግሁ?»

«የራስ ቅል ስለሽ እኔን! ወንድምሽ ቁስል ላይ መርዝ የምታደርጊ ልጅ አይደለሽም። እኔ እኮ ነኝ ያሳደግሁሽ፤ ውሸትሽን ከነወተት ጥርሱ አውቀዋለሁ።»

ጠብታ ቱቦውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ጠጥተሃል?»

«በአራት ሰዓቱ ዕረፍት። አንዲት የሻይ ብርጭቆ። ከዚያ በላይ አልነካሁም፣ ጨዋ ነኝ። ውሃውንም እስከ መስመርሽ ሞልቼልሻለሁ።»

«ከየትኛው ጠርሙስ?»

«ከየትኛው ማለት? ከባለ ራስ ቅሉ ነዋ።»

«ባለ ራስ ቅሎቹ ሁለት ናቸው፣ ጋሼ።»

«እኔም መንታ ወለደች እንዴ ብዬ ነበር» አለና ሳቀ። የሚያጅበው ሲያጣ ሳቁን አቆመ። «አንዱን አነሳሁ፣ ጠጣሁ። ምን ለውጥ አለው?»

ጠብታ እጇን እንኳ ሳትጠርግ ሁለቱንም ጠርሙስ አወረደች። በጠረን አይለዩም፤ ሁለቱም አልኮል አልኮል ነው የሚሉት። በመልክም አይለዩም። ንጹሕ ሲሆኑ ክብደታቸው እንኳ አንድ ነው ሊባል ይችላል። አንዱ ግን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ውሃ ገብቶበታል፤ ውሃ የገባበት የተጠጣው ነው።

መጀመሪያ ቀይ ነጥብ ያለውን፣ የውሸት መርዟን፣ ረጅሙ ሲሊንደር ውስጥ ቀዳችና መለኪያውን ለቀቀችው። እንደዚያን ቀን አልኮሏ እንዲሰረቅባት ለምና አታውቅም። ተነስ፣ ተነስ አለችው በሆዷ። መለኪያው እየተወዛወዘ ወረደና እስከ አንገቱ ሰመጠ። ንጹሕ ነው። ማንም አልነካውም።

ሁለተኛውን ቀዳች። መለኪያው ገባ ብሎ ተመልሶ ወጣና ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቆመ።

«ምንድን ነው?» አለ አናጺው።

«እውነተኛውን ነው የጠጣኸው።»

«እውነተኛውን ምን?»

«መርዙን። ሰኞ ነው የመጣው። ያኛው ውሸት ነው፣ ይሄኛው እውነት ነው።»

«ታዲያ ምንም አልሆንኩም እኮ።»

«አሁን አይታወቅም። ሲያድር ነው። መጀመሪያ የሚይዘው ዓይን ነው።»

አናጺው እጁን ከበሩ ላይ አነሳ። «ዓይኔን…» ብሎ ጀመረና ተወው። ያቺ መሐላ ከአፉ የወጣችበትን ቀን ሁለቱም አስታወሱ፣ ሁለቱም አላነሷትም።

ኦኤች ሳንድዊቹን ይዞ የገባው በዚህ መሐል ነው። ጠብታ አንድም ሳታስቀር ነገረችው፤ መብራቶቹን፣ ወረቀቱን፣ ውሃውን፣ ጣቱን። እያወራች ወንድሟን አላየችም። ኦኤች ለስብከት አፉን ከፈተ። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አየና አፉን ዘጋ።

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ ከሆነ ጊዜ አለን» አለ። «መኪናዬ ከኋላ ነው። ጠርሙሱን ያዢው፣ ሐኪም ማየት አለበት።»

መኪናው ውስጥ ግን አስተማሪነቱ አስቸገረው። «ነገሩ ምን መሰለዎት፣ ሜታኖል ራሱ ብዙም ክፉ አይደለም» አለ መሪውን እንደያዘ። «ክፉ የሚያደርገው ጉበት ነው። ሃይድሮጅኑን ይቀማውና ፎርማልዴሃይድ ያደርገዋል፣ ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚነከርበትን ማለት ነው። ያንን ደግሞ ፎርሚክ አሲድ ያደርገዋል፤ ጉንዳን ሲነድፍዎት የሚያቃጥለው እሱ ነው። የዓይንን ነርቭ የሚበላው…»

«ቲቸር» አለች ጠብታ።

«ይቅርታ።»

አናጺው ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በመስኮቱ የሚያልፉትን የመብራት ምሰሶዎች አንድ በአንድ ያያል። ቀጥ ያሉ መሆናቸውን እያረጋገጠ ይመስላል። «በእናቴ አፈር» አለ ድንገት። «ከዛሬ ጀምሮ አልኮል የሚባል ነገር በከንፈሬ አያልፍም። አንዲት ጠብታ። በእናቴ አፈር።»

ይህ መሐላ እንደ ዓይኑ መሐላ አልነበረም። ጠብታ ወንድሟ በእናታቸው አፈር ሲምል ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ሰምታለች፤ አስተምርሻለሁ ያላት ጊዜ።

ጤና ጣቢያ ያገኟት ዶክተር ወጣት ናት፣ ነገር አታበዛም። ጠርሙሱን አየች፣ ዓይኑን በባትሪ አየች፣ ደም አስቀዳች። «ዋናው መድኃኒት እኛ ጋ የለም» አለች። «ከትልቁ ሆስፒታል እስኪመጣ እስከ ማታ ይቆያል። መርዙ እስከዚያ አይጠብቀንም። ስለዚህ አባቴ፣ አልኮል ይጠጣሉ። በየሰዓቱ፣ እኔ በምለካው። አርባ በመቶ የሆነ፣ የታሸገ ነገር ይምጣ።»



«አልጠጣም» አለ አናጺው።

«ምን አሉ?»

«ምያለሁ።»

ኦኤች ተሽቀዳደመ። «ይስሙኝ። ጉበት ውስጥ አንድ ሠራተኛ አለ እንበል፤ መስኮቱ አንድ ነው። ሜታኖሉን እየተቀበለ ወደ አሲድ የሚለውጠው እሱ ነው። ኤታኖል ከመጣ ግን ሌላውን ሁሉ ያቆመውና ኤታኖሉን ያስተናግዳል። ኤታኖልን ይወዳላ። ሜታኖሉ ወረፋ ላይ ቆሞ ይውላል፣ በመጨረሻም ሳይነካ በሽንት ይወጣል።»

«ሠራተኛውስ ሰው ነው» አለ አናጺው። «እኔ ግን አልጠጣም።»

ኦኤች ተስፋ ቆርጦ መጠጡን ሊገዛ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ያለው መጠጥ ቤት ውስጥ የሆነውን በኋላ ራሱ ነው የነገራት። በሕይወቱ ገብቶ ስለማያውቅ በሩን መግፋትና መሳብ ተምታታበት። ከዚያ ባንኮኒው ጋ ቆሞ «ኤታኖል፣ አርባ በመቶ፣ የቀረው ውሃ ቢሆን እመርጣለሁ» አለ። ባለቤቱ አተኩሮ አየውና «ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት?» አለው። ልጁን ያስተማረለት ሰው ኖሯል። ለሕመምተኛ ነው ቢለው፣ ባለቤቱ «እዚህ የሚመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» ብሎ በጋዜጣ ጠቀለለለት። በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሰምቶ ነበር።

እሱ እስኪመለስ ጠብታ ከአልጋው ጎን ተቀምጣ ለመነች። ዶክተሯም ለመነች፣ ተቆጣችም። አናጺው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ሰርቄ ጠጣሁ፣ ጦሱ አገኘኝ። አሁን ደግሞ መሐላ አፍርሼ ልጠጣ? ይህችን እንኳ ልጠብቅ» ይላል። ሰላሳ ዓመት አትጠጣ ሲባል የጠጣ ሰው፣ ጠጣ በተባለ ቀን ጨዋ ሆነ።

ኦኤች ጠርሙሱን ኮቱ ውስጥ ደብቆ ገባ። ዶክተሯ ልኩን ነገረችው። ከኪሱ የላብራቶሪውን መለኪያ ሲሊንደር አወጣና ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ከመስመሩ እኩል አድርጎ ቀዳ። አንዲት ጠብታ በዝታበት መልሶ አፈሰሳት። ብርጭቆውን ለጠብታ ሰጣት።

ጠብታ ብርጭቆውን ይዛ ቆመች። ማልቀስ አልፈለገችም። ይህ ሰው ዓይኑን ቢያጣ በምን ጣውላ ያያል? በምን ይኖራል?

«ጋሼ፣ ዙርና እየኝ» አለች። «አንተ አንድ ብርጭቆ ነው የሰረቅከው። እዚህ ያስተኛህ ግን የኔ እጅ ነው። መርዝ ያልሆነውን መርዝ አልኩት፣ ስለዚህ መርዙ ራሱ ሲመጣ ማን ይመነው? አንተን ፊት ለፊት አትጠጣብኝ ማለት አፍሬ፣ ሥዕል ሣልኩብህ። ወንድሜ ነህ፣ አሳድገኸኛል፣ በምን አፌ ብዬ።»

አናጺው ዞረ።

«እናታችን ያንተ ብቻ አይደለችም» አለች። «አፈሯ ግማሹ የኔ ነው። አንተ በግማሽህ ማልክ። እኔ በግማሼ ፈትቼሃለሁ። እስክትድን ድረስ ብቻ። ከዳንክ በኋላ መሐላህ እንዳለ ነው፣ ያኔ በሁለታችንም ግማሽ ነው የሚይዝህ።»

«ግማሽ በግማሽ?»

«ግማሽ በግማሽ።»

ተነስቶ ተቀመጠ፣ ብርጭቆውን ተቀበለና አንድ ጊዜ ጨለጠው። ፊቱ ተጨማደደ። «ውሃ የለውም» አለ። «መርዝም የለውም። ከወር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።»

በየሰዓቱ ሰጡት። እስከ አራተኛው ሰዓት ድረስ ታማሚው ይቀልድ ነበር። ከዚያ በኋላ ብርጭቆው ሲመጣ ፊቱን ያዞር ጀመር። «ሲታዘዝ እንዴት ይመርራል» አለ። ኦኤች አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፍ እየቀዳ፣ መጠጥ ከአፉ ገብቶ የማያውቅ አሳላፊ ሆኖ ዋለ። ማታ መድኃኒቱ ደረሰና ብርጭቆው ቀረ። ጠብታ በየመሐሉ «ይታይሃል?» ትለዋለች። «ይታየኛል፤ አታምሪም» ይላታል።

ጠዋት ሲነቃ ደግማ ጠየቀችው። ኦኤች ወንበሩ ላይ እንዳንቀላፋ ነበርና እሱም ነቃ። አናጺው ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ፣ ግራውን ጨፈነ፣ ከዚያ አገጩን ከፍ አድርጎ ከአልጋው ማዶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን መደርደሪያ በጠርዟ አሻግሮ አያት።

«ይህን የሰቀለ ማን ነው?» አለ። «ወደ በሩ በሁለት ሚሊ ወርዷል።»

ጠብታ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ትናንትና ያጠራቀመችውን ጭምር። ኦኤች ደግሞ ኦኤች ስለሆነ፣ ማስመሪያውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ለካ። ከግራ አንድ ጊዜ፣ ከቀኝ አንድ ጊዜ።

«ሁለት ተኩል ነው» አለ።

አናጺው በግማሽ ሚሊ ተሳስቶ አያውቅም። ራሱን ዝቅ አድርጎ እጆቹን አየ። «ጭጋግ ነገር አለ» አለ ቀስ ብሎ። ዶክተሯ ከጭጋጉ ገሚሱ ይለቃል፣ ገሚሱ ይቀር ይሆናል አለች። እንዳለችውም ሆነ።

ጠብታ ሁሉንም በራሷ እጅ ጽፋ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠች፤ ወረቀት የቀየረችው እሷ ናትና ማስጠንቀቂያውን ተቀበለች። ለአናጺው ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ሦስተኛ ቢሆን ኖሮ ጡረታው ይቀር ነበር። ከላብራቶሪው መደርደሪያ የውሸቱን ራስ ቅል ልጣ ጣለችና «ኤታኖል» ብላ ጻፈች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አናጺው አንድ ቁም ሳጥን ተሸክሞ መጣ። የጠርሙሶቹ ነው። በጎማላካ ተወልውሎ ያበራል፤ ማሟሚያውን እሷ ነበረች በጠብታ የሰጠችው። ጠርዞቹን አሁን በማስመሪያ ነው የሚለካቸው፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። በሩ ያለ ድምፅ ገጠመ። ቁልፉን አዙሮ አሳያትና ሰጣት።

«ሁለት ቁልፍ ነው ያለው» አለ። «አንደኛው ያንቺ። አንደኛው መጠባበቂያ ነው፤ ይጠፋብሻል፣ እኔ ጋ ይቀመጥ። መቼም አልነካም፣ ዓይኔን…»

እዚያ ላይ ራሱን አቆመ። ጠብታ ወንድሟን ትወደዋለች። ይህን ደግሞ እሱም ያውቃል። መዳፏን ዘረጋች፣ እሱም ሁለተኛውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠው።